ኤሌክትሮኑን ማን ወሰደው? ከከተማ ወጣ ብሎ የሚበራ ጋዝ የማየት ዘዴ

ለገጣፎን አልፋችሁ ወደ ሰንዳፋ ስትሄዱ ግንባታው ሳሳ ብሎ ማሳው የሚጀምርበት ቦታ አለ። እኔ የምኖረው እዚያ አካባቢ ነው። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ታክሲ ከመሸ አታስቡት። ሰማዩ ግን አለ። በተለይ መብራት የጠፋ ለት። ጎረቤቶቼ ሲያማርሩ እኔ ባይኖኩላሬን ይዤ ፈገግ እያልኩ ስወጣ አይተውኝ አንድ ሁለቴ ተቀይመውኛል።

ኔቡላ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ጠፈር ላይ ያለው የሚበራ የጋዝ ጉም፣ በዓይን ይታያል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ አዎ ይታያል። ለምን ይበራል ለሚለው ግን ብዙ ሰው "ስለሚነድ ነዋ" ይለኛል። አይነድም። ለመንደድ ኦክስጅንና እሳት ያስፈልጋል፣ እዚያ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ብቻ ነው፣ እሱም እጅግ የሳሳ። ጋዙ የሚበራው አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ተነጥቀው መልሰው ሲያገኙ ነው። ኤሌክትሮኑን ያልተነጠቀ አቶም ገለልተኛ ይባላል፣ የተነጠቀው አዮን ይባላል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት፦ ኤሌክትሮኑን ማን ወሰደው? ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። ብርሃን፣ ግጭትና ልውውጥ።

መጀመሪያ ጊዜውን እንምረጥ። ክረምት ላይ አትልፉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው ጥሩ፣ ምክንያቱም ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ማታ ማታ ከላያችን የሚሆነው ያኔ ነው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የካቲት ሲገባ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። በየወሩ ሁለት ሰዓት እያፈጠነ ይመጣል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኦሪዮን አናታችን አካባቢ ያልፋል። አውሮፓ ያለ ሰው ከአድማስ ብዙም ሳይርቅ፣ በወፍራም አየር ውስጥ ነው የሚያየው። በዚህ እንኳ እንኩራ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አትውጡ። ኅዳር 12 ደግሞ በፍጹም፣ ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ ይቃጠልና ሰማዩ ጭስ ለብሶ ያድራል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ያንን ረስቼ ወጥቼ ሳል ይዞኝ ተመልሻለሁ።

የምትይዙት ነገር ብዙ አይደለም። ባይኖኩላር፣ ሰባት በሃምሳ ወይም አስር በሃምሳ የሚባለው። የኔ መርካቶ ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ነው፣ ሻጩ "ኦሪጅናል ነው፣ አትጠራጠር" ብሎኝ ቤት ስደርስ አንዱ ዓይኑ የተወላገደ ሆኖ ተገኘ፣ ጨረቃ ሁለት ሆና ነበር የምትታየኝ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በሩቅ ያለ የስልክ ማማ አይታችሁ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የስልካችሁን ባትሪ መብራት በቀይ ፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልሉት። ጋቢ አትርሱ። እዚህ ከፍታው ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ብርዱ አይቀልድም። ጅብም ውሻም ስላለ ብቻችሁን ገደል ጥግ አትቁሙ፣ የሰፈሩን ዘበኛ አስቀድማችሁ አናግሩ። የኛ ሰፈር ዘበኛ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ መጀመሪያ ሌባ መስዬአቸው ዱላ አንስተው ነበር። አሁን ቡና ይዘውልኝ ይመጣሉ።

ከወጣችሁ በኋላ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ስልክ አትንኩ። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንዴ ቲክቶክ ከከፈታችሁ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

አሁን ቀና በሉ። ተርታ የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ፣ የኦሪዮን መቀነት ናቸው። ወደ ደቡብ ዞራችሁ ከቆማችሁ ከመቀነቱ ዝቅ ብሎ እንደ ሰይፍ የተንጠለጠለ ደብዘዝ ያለ መስመር አለ። የመስመሩ መሃል ላይ ያለችው "ኮከብ" ትንሽ ድብዝዝ ያለች ትመስላለች። እሷ ኮከብ አይደለችም። ባይኖኩላሩን አምጡ። ግራጫ፣ ክንፉን የዘረጋ ጉም የመሰለ ነገር ታያላችሁ። በቀጥታ ካፈጠጣችሁበት ይጠፋል፣ ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ ስታዩት ይመጣል። የኦሪዮን ኔቡላ ይሄ ነው። ርቀቱ ወደ 1 ሺህ 350 የብርሃን ዓመት ነው። ጋሼ ባይኖኩላሩን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አይተው "ጭስ ነው እንዴ?" አሉኝ። ጭስ አይደለም ጋሼ። አዮን የሆነ ጋዝ ነው።

ታዲያ ማን ወሰደው? የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ብርሃን ነው፣ እዚህ ቦታ ዋናው ጥፋተኛም እሱ ነው። ጉሙ መሃል አራት ተቀራራቢ ከዋክብት አሉ፣ ትራፔዚየም ይባላሉ፣ ለይቶ ለማየት ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። ከነሱ ትልቋ፣ ቴታ አንድ ኦሪዮኒስ ሲ፣ የገጽዋ ሙቀት ወደ 39 ሺህ ዲግሪ ነው። የኛ ፀሐይ 5 ሺህ 800 አካባቢ ናት። ኮከብ በሞቀ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያም ዓይናችን ወደማያየው አልትራቫዮሌት ያደላል። ነጥቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከሃይድሮጅን አቶም ላይ ኤሌክትሮን ለመንቀል 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያስፈልጋል። እንደ ታክሲ ታሪፍ አስቡት። ቀይ ብርሃን አንዱ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት ማለት ነው) ሁለት ብር እንኳ የማይሞላ ነው በኪሱ ያለው፣ ሰማያዊው ሦስት ገደማ። ሺህ ቀይ ፎቶን ተሰብስቦ ቢመጣም አዋጥቶ መክፈል አይችልም፣ ወያላው ሙሉውን ሒሳብ ከአንድ ሰው ነው የሚቀበለው። ከ91.2 ናኖሜትር ያጠረ ሞገድ ያለው ፎቶን ብቻ ነው ታሪፉን የሚሞላው። ሃያ ይዞ የመጣ ደግሞ 13.6 ከፍሎ 6.4 መልስ አለው። መልሱን የሚይዘው የተነቀለው ኤሌክትሮን ነው፣ በፍጥነት መልክ። (መልስ የሚመልስ ወያላ የት አለ እንዳትሉኝ።) ኤሌክትሮኑ ከሌሎቹ ጋር እየተላተመ ያንን መልስ ያከፋፍላል፣ ጋዙ ወደ 10 ሺህ ዲግሪ የሚሞቀው በዚህ ነው። ሙቀቱ የመነጠቁ ውጤት እንጂ መንስኤው አይደለም። ይሄን የሚያገላብጥ ሰው ብዙ ስለሆነ ደጋግሜ ነው የምለው።

ማስረጃውን እዚያው ማየት ትችላላችሁ። ከመቀነቱ በላይ በኩል፣ በሰሜን፣ ቀላ ያለች ደማቅ ኮከብ አለች፣ ቤቴልጌዝ። ከፀሐይ በብዙ አስር ሺህ እጥፍ ትደምቃለች። ሙቀቷ ግን 3 ሺህ 500 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ብርሃኗ ሁሉ ሳንቲም ነው። ዙሪያዋን በባይኖኩላር ፈልጉ፣ እንዲህ ያለ የሚበራ ጉም አታገኙም። የፎቶኑ ብዛት ብቻውን ምንም አያደርግም፣ እያንዳንዱ ፎቶን የያዘው ነው ወሳኙ።

ስለ ብርሃኑ ቀለም ደግሞ። ኤሌክትሮኑን የተነጠቀ ሃይድሮጅን፣ ማለትም ብቻውን የቀረ ፕሮቶን፣ በአጠገቡ የሚያልፍ ነጻ ኤሌክትሮን ይይዝና ኤሌክትሮኑ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፣ እንደ ኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ በየፎቁ ትንሽ ብርሃን እየተወ። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲወርድ 656.3 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ይወጣል። ስልካችሁን ሽምብራ የሞላ ካልሲ ላይ አስደግፋችሁ በሌሊት ሞድ ብታነሱት ሮዝ የሚመስለው ነገር እሱ ነው። ካልሲው ምርጥ ትራይፖድ ነው፣ ሽምብራውንም ሲርባችሁ ቆልታችሁ ትበሉታላችሁ። በትልልቅ ቴሌስኮፕ የሚያዩ ሰዎች ግን አረንጓዴ ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀ ኦክስጅን በ500.7 ናኖሜትር ያበራል፣ ዓይናችን ደግሞ በጨለማ ለቀይ ደካማ ነው። ይህን አረንጓዴ መስመር በ19ኛው መቶ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ሰዎች በምድር ላይ ካለ ከየትኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም ሲላቸው አዲስ ንጥረ ነገር አገኘን ብለው "ኔቡሊየም" የሚል ስም ሁሉ አውጥተውለት ነበር። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አይራ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1927 ነው ነገሩን የፈታው። ኦክስጅን ነው፣ ግን ላብራቶሪ ውስጥ አቶሞቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚላተሙ ይህን ብርሃን የሚሰጡበት ፋታ አያገኙም። ጠፈር ላይ ፋታ ሞልቷል።

ምን ያህል እንደሞላ እንይ። አሁን በምትተነፍሱት አየር ውስጥ፣ የጣታችሁን ጫፍ በምታህል አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ቦታ፣ ወደ 20 ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውል አለ። የኦሪዮን ኔቡላ እጅግ የታጨቀው መሃሉ እንኳ በዚያችው ቦታ 10 ሺህ ገደማ አቶም ነው ያለው። ከከዋክብት ርቆ ያለው ተራ ጋዝ ደግሞ አንድ፣ ሲበዛ ጥቂት አስር።

እዚህ ላይ ወረቀት የሚወድ ሰው ካለ አንድ ስሌት እንሥራ፣ የማይወድ ወደ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ይለፍ። ዴንማርካዊው ቤንግት ስትሮምግሬን እ.ኤ.አ. በ1939 ያሰበው እንዲህ ነው። ኮከቡ በሰከንድ የተወሰነ ቁጥር ታሪፍ የሚሞሉ ፎቶኖች ያወጣል። ጋዙ ውስጥ ደግሞ በሰከንድ የተወሰኑ አዮኖች ኤሌክትሮናቸውን ይመልሳሉ፣ የመለሰውን አቶም እንደገና ለመንጠቅ አዲስ ፎቶን ያስፈልጋል። ሁለቱ የሚተካከሉበት ርቀት ላይ ፎቶኑ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጋዙ ገለልተኛ ነው። ትልቅ ሞቃት ኮከብ በሰከንድ ከ1 በኋላ 49 ዜሮ የሚያህሉ እንዲህ ያሉ ፎቶኖችን ይለቃል እንበል። በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 100 አቶም ያለበት ጋዝ ውስጥ ከሆነ ከኮከቡ እስከ ዳሩ 10 የብርሃን ዓመት ገደማ ይመጣል። ጋዙን አስር እጥፍ አጭቁት፣ ወደ 2 የብርሃን ዓመት ይወርዳል። ጥግግቱ በእጥፍ ሲጨምር መላተሙ በአራት እጥፍ ስለሚጨምር ነው፣ ተሳፋሪ ሲበዛ ግፊያው እንደሚብስ።

ዳሩ ደግሞ ስለታም ነው። ያው 100 አቶም ያለበት ገለልተኛ ጋዝ ውስጥ የገባ ፎቶን፣ ፀሐይና ምድር የሚራራቁበትን ርቀት መቶ እጥፍ ገደማ ያህል ሳይሄድ ይዋጣል። ከ10 የብርሃን ዓመት አንጻር ይሄ የወረቀት ውፍረት ነው። ስለዚህ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ድንበር የለም፣ ግድግዳ ነው።

የኦሪዮኑ ግን ሙሉ ኳስ አይደለም። የለገዳዲ ወይም የሰበታ መንገድ ላይ ድንጋይ ካባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተራራው ከአንድ ጎኑ ተበልቶ፣ የተቆረጠው ፊቱ ለመንገድ ተገልጦ ይቆማል። ኔቡላውም እንደዚያ ነው። ከኋላው ጨለማ፣ ቀዝቃዛ፣ ሞለኪውል የሞላበት ትልቅ ደመና አለ፣ ከዋክብቱ የደመናውን የፊት ለፊት ጎን እየቦረቦሩ ነው፣ እኛ የምናየው የተቆረጠውንና የሚበራውን ፊት ነው። በየጊዜው ገለልተኛ ጋዝ ከኋላ ይጋለጣል፣ ይነጠቃል፣ ይነፍሳል። ካባው ገና አላለቀም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ግጭት ነው፣ የሚሠራው በነፋስ በኩል። የከዋክብት ነፋስ ስንል የኮከቡ የራሱ ጋዝ ነው፣ በብርሃን ግፊት ከገጹ ተጠርጎ የሚወጣ። የኛ ፀሐይ ነፋስ በሰከንድ 400 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል፣ በላይም ይደርሳል (የሷ የሚገፋው በብርሃን ሳይሆን በውጫዊ ከባቢዋ ሙቀት ነው)። የቴታ አንድ ሲ ከ2 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው። ይህ ነፋስ ዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ሲጋጭ ፍጥነቱ ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ ሚሊዮኖች ዲግሪ። በእንዲህ ያለ ሙቀት ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ጥይት ናቸው፣ ያገኙትን አቶም መትተው ሌላ ኤሌክትሮን ይነቅላሉ፣ ፎቶን ሳያስፈልግ። ኤክስኤምኤም ኒውተን የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ በኦሪዮን ኔቡላ ውስጥ 2 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ የሆነ ጋዝ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቦይንግ 747 ላይ ተጭኖ ይበር የነበረው ሶፊያ ቴሌስኮፕ፣ የኮከቧ ነፋስ ጋዙን ገፍቶ በሰከንድ 13 ኪሎሜትር እየሰፋ ያለ ቅርፊት እንደሠራ አሳይቷል።

ግን አትሳሳቱ። ነፋሱ የተሸከመው ጉልበት ከኮከቡ ብርሃን አንጻር ኢምንት ነው። በባይኖኩላር ያያችሁት ጉም የብርሃን ሥራ ነው። ነፋሱ የሚጠርግ፣ የሚቦረቡር፣ ቅርጽ የሚያወጣ ነው። ይህን የሚያሳይ ሌላ ቦታ ከፈለጋችሁ ከኦሪዮን በስተምሥራቅ ሮዜት ኔቡላ አለ፣ መሃሉ እንደ ድፎ ዳቦ ሳይሆን እንደ ቦምቦሊኖ ክፍት ነው። መሃሉን የጠረጉት እዚያ ያሉት ከዋክብት ነፋስ ነው። በባይኖኩላር ከዋክብቱን ታያላችሁ፣ ቀለበቱን ግን ከኔ ግቢ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ያየ ካለ ቀናሁበት።

ሦስተኛውን ተጠርጣሪ፣ ልውውጥን፣ ለማየት ሩቅ አንሄድም። ፀሐያችን ራሷ በሳሳ፣ በከፊል ገለልተኛ በሆነ ጋዝ ውስጥ እየተጓዘች ነው። ጋዙ በሰከንድ 26 ኪሎሜትር ገደማ ወደኛ ይነፍሳል፣ ከስኮርፒዮን ከዋክብት አቅጣጫ አካባቢ ተነስቶ። አዮን የሆነው ክፍል ቻርጅ ስላለው የፀሐይ ነፋስ መግነጢሳዊ መስክ ይገፋዋል፣ ድንበሩ ላይ ተጠማዝዞ ያልፋል። ቮየጀር አንድ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ያንን ድንበር እ.ኤ.አ. በ2012 ስትሻገር የፀሐይና የምድርን ርቀት 121 እጥፍ ያህል ርቃ ነበር። ገለልተኛው አቶም ግን መግነጢስ አይነካውም። ኬላውን ሰላም ብሎ ነው የሚያልፈው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አንድ ነገር ያጋጥመዋል፣ ይሄን ለጋሼ ያስረዳሁት በጋቢያቸው ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ጋቢ ለብሶ ይመጣል እንበል። ከፊት ለፊቱ ራቁቱን የሆነ ሰው በሩጫ ይመጣል። ሲተላለፉ ሯጩ ጋቢውን ቀምቶ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ለብሶት ይሄዳል። ሯጩ የፀሐይ ነፋስ ፕሮቶን ነው፣ ጋቢው ኤሌክትሮኑ። አሁን ፈጣኑ ገለልተኛ ሆነ፣ መስክ የማይዘው፣ በቀጥታ የሚበር። ቀስ ብሎ ይሄድ የነበረው ደግሞ አዮን ሆነ፣ ወዲያው የፀሐይ መግነጢሳዊ መስክ ያዘውና እያሽከረከረ ወደ ውጭ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀችው አይቤክስ ሳተላይት ጋቢ ለብሰው የሚበሩትን እየለቀመች ነው የድንበሩን ካርታ የሠራችው።

ሃይድሮጅን በአብዛኛው በዚህ መንገድ ጁፒተር አካባቢና ከዚያ ወዲህ ያልቃል። ሂሊየም ግን ጠንካራ ነው፣ ታሪፉ 24.6 ስለሆነ ልውውጡም ብዙም አይነካውም፣ በዋናነት የሚነጥቀው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ነው። ስለዚህ እስከ ምድር ምህዋርና ከዚያም ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ የፀሐይ ስበት መንገዱን አጥፎ ከኋላዋ እንደ ሾጣጣ ያሰባስበዋል። ምድር ያንን ሾጣጣ የምታቋርጠው በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አዲስ የተነጠቀ የሂሊየም አዮን ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ የተያዘው በዚሁ ነው።

ኅዳር 28 ገደማ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ኦሪዮንን አይታችሁ ስትጨርሱ ወደ ሰሜን ትንሽ ቀና በሉና ታውረስ (በሬው) የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ሁለት ቀንዶች ፈልጉ። ሾጣጣው ወደዚያ ነው የሚዘረጋው፣ እናንተም የቆማችሁት ውስጡ ነው። የሚታይ ነገር የለም፣ በባዶ ዓይንም በባይኖኩላርም። እኔ ግን ሁልጊዜ ዞሬ አያለሁ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ጋቢውን ይመልስለታል?"

ኦሪዮን ላይ አዎ አልኳቸው። መሃሉ ላይ በአስር ዓመት፣ ሳሳ ባለበት በሺህ ዓመት ውስጥ ሌላ ያገኛል። እዚህ ፀሐይ አጠገብ ግን ጋዙ በጣም ሳስቷል፣ ሌላ ኤሌክትሮን ሳያገኝ ነፋሱ ጠርጎ ያወጣዋል።

"እንግዲህ የኛው ሰፈር ነው ሌባ ያለበት" አሉና ቡናውን ቀዱልኝ።